ከኦሞ የወጣው ምስል፣ ወደ ኦሞ የገባው ቅጅ

አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር “የአሸዋ ወንዞች” የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1974 ለዕይታ ሲያበቃ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተቋቋመ ዐሥር ዓመቱ ነበር፤ ሥርጭቱ ግን ኦሞ ሸለቆ አልደረሰም። ፊልሙ የተቀረጸው በሐመር ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥናት ማዕከልን ይመራ የነበረው ጋርድነር በ16 ሚሊሜትር ባለ ቀለም ፊልም አንዲት የሐመር ሴት ስለ ትዳርና ስለ ሴትነት ስትናገር ቀርጾ ሄደ። ከአልዱባና ከዲመካ ማዶ ባሉት መንደሮች የተነሣው ምስል በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ሲታይ፣ ባለ መልኮቹ ስለ ፊልሙ መኖር የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ጋርድነር ብቻውን አልነበረም። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን ዳይሬክተሩን ሌስሊ ውድሄድንና አንትሮፖሎጂስቱን ዴቪድ ተርተንን ይዞ ስለ ሙርሲ የሠራውን ፊልም አሳየ፤ እስከ 1991 ድረስም እየተመላለሰ ሌሎች ጨመረ። ከ1970 ጀምሮ በሐመር የኖሩት አይቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል ደግሞ ከሁሉም የሚረዝም ታሪክ አላቸው። ስትሬከር እ.ኤ.አ. በ1979 የከብት ዝላይን ሥርዓት የሚያሳይ ፊልም አወጣ። ሊዳል ከዳይሬክተሯ ጆአና ሄድ ጋር ሆና ለቢቢሲ በ1990፣ በ1991 እና በ1994 ሦስት ፊልሞች ሠራች። ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ሐመር የሚያውቅ የውጭ ሰው፣ ምንጩን ሳያውቀውም ቢሆን፣ ከእነዚህ ፊልሞች ወይም ከእነሱ ልጆች አንዱን አይቷል ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የ16 ሚሊሜትር ፊልም በጊዜው ተንቀሳቃሽ ካሜራ ሊይዘው ከሚችለው ምስል ከምርጦቹ አንዱ ነበር። ደቡብ ኦሞ የሰጠችው ምስል አንደኛ ደረጃ ነው። በምትኩ ከውጭው ዓለም ወደ እሷ የገባው ፊልም ግን ከሞላ ጎደል ሁሌም የቅጅ ቅጅ፣ እሱም የሌላ ቅጅ ነበር።

የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ ቪኤችኤስ ካሴትን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ቤት ውስጥ ፊልም ማየት ፕሮጀክተር ላለው ሀብታም ብቻ መሆኑ በዚህ ቀረ። ነገር ግን ካሴቱ የሚይዘው ምስል ስስ ነው፤ ዝርዝሩ ከ240 መስመር ብዙም አያልፍም። ቀለሙ ከዚያም የባሰ ነው፤ ካሴቱ ለብርሃንና ለጥላ ከሚሰጠው ቦታ ለቀለም የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ በተለይ ቀይ ከጠርዙ አልፎ ይፈስሳል። ጸጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ የሚሠሩ የሐመር ሴቶች በ16 ሚሊሜትር ሲታዩ እያንዳንዷ ሹሩባ ለብቻዋ ትለያለች። ያው ምስል በሦስተኛ ደረጃ የቪኤችኤስ ቅጅ ላይ ሲመጣ ሹሩባው አንድ ቀይ ጥላ ሆኖ ከራሱ ዝቅ ብሎ ትከሻ ላይ ይቀባል።

ሌላም ስውር ለውጥ አለ። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሮጠው። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የአውሮፓው ፓል ሥርዓት ግን በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል። ፊልሙ ወደ ቪዲዮ ሲገለበጥ ቀላሉ ዘዴ ፍጥነቱን መጨመር ስለነበር፣ የሁለት ሰዓቱ ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ያልቃል፣ የተዋናዩም ድምፅ በጥቂቱ ይቀጥናል። የአርኖልድ ሽዋዝኔገርን ድምፅ በቪዲዮ ቤት ብቻ የሰማ የኢትዮጵያ ልጅ የሰማው ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ያለውን ነው።

ቪዲዮ ቤትን ለማያውቅ ትውልድ መግለጽ ያስፈልግ ይሆናል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ከአዲስ አበባ ርቀው በሚገኙ ከተሞች፣ የደቡብ ኦሞዋን ጂንካን በመሳሰሉና በአውቶቡስ ሁለት ቀን በሚያስኬዱ ቦታዎች፣ ሲኒማ ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። በጭቃ ግድግዳ የተሠራ ክፍል፣ መስኮቱ በካርቶን ወይም በሸራ የተደፈነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ከፊት ለፊት ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥንና ከሥሩ ዴክ። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ተጽፎበት ይቆማል፤ “ዛሬ፦ ኮማንዶ፣ ቀጥሎ የሕንድ”። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሣል፤ የተኩሱ ድምፅና የጀነሬተሩ ድምፅ ከዚያ በኋላ አይለዩም። ካሴቱ ብዙ ስለዞረ ከምስሉ ግርጌ ነጭ በረዶ ይወርዳል። ባለ ቤቱ ትራኪንጉን ያሽከረክራል፣ ከኋላ “አስተካክል!” የሚል ጩኸት ይነሣል። አልስተካከል ካለ ካሴቱ ይወጣል፣ የዴኩ ሄድ በአልኮልና በጥጥ ይጠረጋል፣ ክሩ በእስክሪብቶ ይጠመጠማል፣ ትርኢቱ ይቀጥላል። ገንዘብ አይመለስም።

ቋንቋም እንደ ምስሉ ሁሉ በከፊል ነበር የሚደርሰው። የሕንዱ ፊልም ያለ ጽሑፍ ይታያል፤ ሦስቴ ያየው ልጅ ላላየው ይተርካል፣ ማን ከማን እንደተወለደና ማን እንደሚሞት ቀድሞ ይናገራል። ዩጋንዳዎች ይህን ሥራ ሙያ አደረጉት። በካምፓላ “ቪጄ” የሚባሉ ተራኪዎች ማይክራፎን ይዘው ፊልሙን በሉጋንዳ እየቀለዱ ሲያጫውቱ፣ በኋላም ትረካቸውን በካሴትና በዲስክ ላይ ቀድተው ሲሸጡ ኖሩ። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ በፈቃድ ተሠርቶ በየሳሎኑ የገባው ዘግይቶ፣ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክና የሌሎች አገሮችን ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ አዲስ ነገር ያየች ያህል ብዙ ተጽፏል። የቪዲዮ ቤቱን ተራኪ ልጅ ያስታወሰው ግን ጥቂት ነው።

እነዚህ ሁሉ ካሴቶች በሕግ ፊት ምን ነበሩ? መልሱ ከሚጠበቀው ይልቅ የተጠማዘዘ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግግ ነበር፤ ከሕግ ተማሪ በቀር ያነበበው ሰው ብዙ አልነበረም። ጠንከር ያለው ሕግ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሆኖ መጣ። ሲወጣ ሆን ብሎ የቅጅ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይናገር ነበር፤ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ አዋጁ የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ዜጎችንና ነዋሪዎችን ሥራ፣ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የታተመውን፣ አዘጋጁ መቀመጫው ኢትዮጵያ የሆነውን የፊልም ሥራ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በፈረመችው ስምምነት የሚሸፈነውን ነው። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ “ኮማንዶ”ን ያሳየ የቪዲዮ ቤት ባለቤት በአዋጁ የሚከሰስበት መንገድ ጠባብ ነበር፤ አንድ የአማርኛ ፊልም ያለ ፈቃድ ካሳየ ግን እሥር ቤት ያስገባው ነበር። ሆሊውድን መቅዳት ንግድ፣ የአገር ልጅን መቅዳት ወንጀል ሆነ። ሕግ አውጪው የአገሩን ሰው ልጠብቅ ማለቱ ትክክል ነው። የገበያው ውጤት ግን ሌላ ነበር፤ የውጭው ፊልም ያለ ዋጋ በየቦታው ሲሰራጭ የአማርኛው ፊልም ከዚያ ነጻ ዕቃ ጋር ተወዳድሮ መሸጥ ነበረበት።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ስለ ቤት ቅጅ ሲጣሉ ቆይተዋል። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የሶኒን ቤታማክስ መቅጃ ለማስቆም ከሶ እ.ኤ.አ. በ1984 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ተሸነፈ፤ ከቴሌቪዥን ቀድቶ በኋላ ማየት ሕጋዊ ነው ተባለ። ስቱዲዮዎቹ ዘዴ ለወጡ። ማክሮቪዥን የተባለው መከላከያ ካሴቱ ውስጥ ስውር ምልክት ያስገባል፤ ከአንዱ ዴክ ወደ ሌላው ሲቀዳ ምስሉ አንዴ ይጠቁራል፣ አንዴ ይነጣል። ሳሎኑ ውስጥ ፊልም ሲያይ “መብራቱ ኃይል አነሰው” ብሎ የተማረረ ሰው፣ ምናልባት የመብራት ኃይልን ያማው በከንቱ ነው።

የአማርኛ ፊልም ሰዎች ከዚህ ሁሉ ትምህርት ወስደው የራሳቸውን መንገድ ቀየሱ። በ1957 ዓ.ም. “ሂሩት አባቷ ማን ነው” ከወጣ ጀምሮ፣ በ1966 “ጉማ”፣ በኋላም “አስቴር”፣ የአገር ውስጥ ፊልም በሴሉሎይድ የሚሠራ፣ ውድና ብርቅ ነገር ነበር። መንገዱ የተከፈተው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ሔለን ታደሰ “የበረዶ ዘመን”ን በቪዲዮ ሠርታ ሲኒማ ቤት አስገባች፤ ቴዎድሮስ ተሾመም “ቀዝቃዛ ወላፈን”ን ይዞ ተከተለ። በቪኤችኤስ የተቀረጸ ምስል በትልቅ ሸራ ላይ ሲዘረጋ ጥራቱ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ሕዝቡ ግን ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ ፊልም የሚመረቅበት ዘመን መጣ።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ተለየች። የናይጄሪያ ፊልም በቀጥታ ወደ ገበያ፣ በካሴትና በዲስክ ይወጣ ነበር፤ ሌባው ሳይደርስበት በፍጥነት ሸጦ ትርፉን መሰብሰብ ነበር ስልቱ። የእኛዎቹ ተቃራኒውን መረጡ፤ ፊልሙን ሲኒማ ቤት ውስጥ መቆለፍ። ዲስኩ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ አይወጣም ነበር። ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ብዙ ጊዜ ባለ ፊልሙ ወይም የሚያምነው ሰው ዲስኩን በእጁ ይዞ ሄዶ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ አሳይቶ፣ ይዞት ይመለስ ነበር። ዘዴው ለባለ ፊልሙ ሠርቷል። ዋጋውን የከፈለው ግን አዳራሽ የሌለው ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በአንደኛው ሳምንት ያየውን ፊልም የጂንካ ሰው በዲስክ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር፤ ከጂንካ ራቅ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው እስኪቀዳለት። ሌብነት ነው ብሎ ማውገዝ ቀላል ነው፣ ለፊልሙ ቤቱን ያስያዘ ሰው ደግሞ የማውገዝ መብት አለው። ሆኖም ገንዘብ ይዞ የሚገዛው ሕጋዊ ቅጅ ያጣ ተመልካችና መርካቶ ውስጥ በሺህ አባዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ በአንድ ስም መጠራታቸው ትክክል አይደለም።

ዲስኩ ሲመጣም መጀመሪያ የመጣው ቪሲዲ ነበር። ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ነው፤ አንዱ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ስለሆነ ፊልሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ልክ ጀግናው በር ሲያንኳኳ “ክፍል ሁለት ያስገቡ”። ዲቪዲ ከዚህ አራት እጥፍ ነጥብ ይዟል፤ ነገር ግን መንገድ ላይ የሚሸጠው ዲቪዲ አምስትና ስድስት ፊልም የታጨቀበት ስለነበር የጥራት ጥቅሙ ገና ከመነሻው ተበላ። ከዚያ ስልክ መጣ። “ፊልም እንጭናለን” የሚል ወረቀት የለጠፈ ሱቅ ፊልሙን በስሪ ጂፒ፣ 176 በ144 ነጥብ አድርጎ ሚሞሪ ላይ ይጭናል። ይህም ከቪሲዲው አንድ አራተኛ ነው። ቴክኖሎጂ በተራመደ ቁጥር በክፍለ ሀገር የሚታየው ምስል እያነሰ የሄደበት ይህ ዐሥር ዓመት ያህል በፊልም ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ የለውም። ስልኩ ግን አንድ ነገር አመጣ፤ ቴሌቪዥንም ዴክም የማይገዛ ሰው፣ ባትሪውን ገበያ ቀን ከተማ ላይ ቻርጅ አስደርጎ፣ ፊልም በኪሱ ይዞ ወደ መንደሩ መግባት ቻለ።

ቅጅ የሚያጠፋውን ያህል የሚያድንበት ጊዜም አለ፤ ይህን ፊልም ሠሪዎች መስማት አይወዱም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1922 የሠሩት “ኖስፌራቱ” ከ“ድራኩላ” ልቦለድ ያለ ፈቃድ የተወሰደ በመሆኑ የደራሲው ባለቤት ከሰው አስፈረዱበት፤ ቅጆቹ ሁሉ እንዲወድሙ ፍርድ ቤት አዘዘ። ዛሬ የሚታየው ከትእዛዙ ያመለጡ ቅጆች ስለነበሩ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ጆርጅ ሉካስ “ስታር ዋርስ”ን እ.ኤ.አ. በ1997 እንደገና ነካክቶ የ1977ቱን መልክ በደኅና ጥራት አላወጣም በማለቱ፣ አፍቃሪዎቹ በሲኒማ ቤት ታይተው የተጣሉ የ35 ሚሊሜትር ሪሎች ፈልገው፣ በራሳቸው ስካነር አንብበው፣ ጭረቱን ምስል በምስል አጽድተው “4ኬ77” የተባለውን ቅጅ ሠሩ። ሕገ ወጥ ነው። ከዋናው ባለቤት ዘንድ የማይገኘውን ፊልም ማግኛም እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ሥራ የሠሩት ስካነር ያላቸው ሰዎች አይደሉም፤ የቤተሰብ ዴክ ያላቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1977 ዓ.ም. ወደ ቀለም ከተሸጋገረ በኋላ የነበረውን የዘመን መለወጫ ዝግጅት፣ “ሕብረ ትርኢት”ን፣ በኋላም “መቶ ሃያ”ን አባት ወይም ታላቅ ወንድም ሳሎን ተቀምጦ በካሴት ቀዳ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የሚገኙት የእነዚያ ዝግጅቶች ቁርጥራጮች ብዙዎቹ የዚያ ካሴት ፍሬ ናቸው፤ ግርጌው ላይ በረዶ ይወርዳል፣ መጀመሪያው ላይ የሌላ ፕሮግራም ጭራ አለ፣ አንዳንዱም ላይ የተቀዳበት ቀን ይነበባል። በአዋጁ ስሌት የፊልም ሥራ ጥበቃ ከተሠራበት ወይም ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ 50 ዓመት ነው። በዚህ ሂሳብ የ1957ቱ “ሂሩት” ከ2007 ጀምሮ፣ “ጉማ”ም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከጥበቃው ወጥተዋል። አንድ ወጣት ደኅና ሪል ቢያገኝና በጥራት ገልብጦ ለሕዝብ ቢያቀርብ፣ ከቀድሞው ይልቅ ሕጉ ይደግፈዋል።

በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ የፊልም ሰው ሌላ ዕጣ ገጥሞታል። ኃይሌ ገሪማ “ሳንኮፋ”ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሠርቶ የሚያከፋፍልለት የአሜሪካ ኩባንያ ሲያጣ፣ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አዞረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ከባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ጋር የከፈተው ሱቅ መጻሕፍትና ቪዲዮ የሚሸጥበት ነው፤ ስሙም የፊልሙ ስም። እ.ኤ.አ. በ2021 ፊልሙ በ4ኬ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ሃያ ስምንት ዓመት የፈጀ ጉዞ ነው፤ በመሐሉ ፊልሙን በሕይወት ያቆዩት እነዚያ ካሴቶች ናቸው።

ወደ ኦሞ የተመለሰው ምስልስ? ስትሬከር ባለሙያዎችን አስተባብሮ በጂንካ ኮረብታ ላይ ያቋቋመው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1993 ተከፈተ። የአካባቢው ሕዝቦች ዕቃና ታሪክ ከሩቅ አገር ይልቅ እዚያው፣ ባለቤቶቹ ደጅ እንዲቀመጥ ማድረጉ በራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ሊዳል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ከልጇ ካይራ ጋር ሆና “የዱካ አጣብቂኝ”ን ስትሠራ ካሜራው ትንሽ ዲጂታል፣ ቀራጯም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሐመርን የምታውቅ ነበረች። ዱካ በ1991ዱ ፊልም ላይ ለመዳር የተዘጋጀች ልጃገረድ ሆና የታየችው ናት፤ አሁን እናት ሆና፣ ባሏ ሁለተኛ ሚስት አምጥቶባት ትታያለች። አንድን ሰው በዐሥር ዓመት ልዩነት፣ በስሙና በገዛ ንግግሩ የተከተሉ ፊልሞች ስለ ኦሞ ሸለቆ ከተሠሩት መካከል ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሙርሲው ኦሊሳራሊ ኦሊቡዪ ካሜራውን ራሱ ይዞ ስለ ወገኖቹ የሠራው ፊልም ከቤን ያንግ ጋር ወጣ። ግራናዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙርሲን ካሳየ 35 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እነዚህ ፊልሞች የማይነኩት አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ የተነሣው ሰው በገዛ ምስሉ ላይ ያለው መብት ምንድን ነው? እሱም የሚነሣው በደቡብ ኦሞው አልዱባ ገበያ ላይ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤናው፣ ፀማዩና አሪው ማሩን በቅል፣ ማሽላውን በጆንያ ይዞ ሲሰበሰብ ከላንድክሩዘር የሚወርዱ ጎብኚዎችም ይመጣሉ። ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 በጻፈው ጥናት ሙርሲዎችና ፎቶ አንሺዎች ሲገናኙ ሁለቱም ወገን ደስ ሳይለው እንደሚለያይ አሳይቷል። አልዱባም ላይ ጨዋታው ያው ነው፤ ሒሳቡ በጠቅታ ነው። ጎብኚው አንድ ከፍሎ ሦስት አነሣ ከተባለ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ አስጎብኚው መሐል ይገባል።

ባለ ሥልጣኑ ሁሉ የረሳው ሕግ ለዚህም አለ። የዚያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታወቁ ሰዎችና ለሕዝብ ጥቅም ጥቂት በሮች ይከፍታል እንጂ ለፖስት ካርድ፣ ለጉዞ ወኪል ማስታወቂያ ወይም ለቀን መቁጠሪያ አይከፍትም። ማንሳት ላይ ሳይሆን ማባዛት ላይ የሚያተኩር፣ ከቅጅ መብቱ አዋጅ በ44 ዓመት የሚቀድም ሕግ ነው። አልዱባ ላይ የሚደረገው ስምምነት ግን የቃል ነው፤ ስለ ማባዛት አይነሣም። ካሜራው ዛሬ አንዴ ተጭነው ዐሥር ምስል የሚያነሣ በመሆኑ ጠቅታ ቆጠራውም አስቸግሯል፤ በስልክ የተቀረጸው ማታውኑ ኢንተርኔት ላይ ነው። ቪዲዮ ከሆነ ዋጋው ለብቻ ነው፤ ድርድሩ የሚያልቀው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነው።